የባሕር ዳር ሥዕል በምን ሚዛን ይመዘናል?

ለቸኮለ ዐይን ሳይጨረስ የቀረ የሚመስል ሥዕል አለ። ባሕሩ በጥቂት አግድም መስመሮች ብቻ ተነክቶ፣ ጀልባው መልኩ ሳይለይ እንደ ጥላ ተቀምጦ፣ የመርከቡ ምሰሶ ከጭጋጉ ጋራ ተደባልቆ ሲታይ፣ ሒሳቡን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም አጣርቶ መዝገቡን የሚዘጋ ነጋዴ፣ ወይም ቁጥርና ቀን ያልሰፈረበትን ደብዳቤ ከጽሕፈት ቤቱ የማያወጣ ሹም፣ «ይህ ሠዓሊ ሥራውን ሳይፈጽም ጥሎት ሄዷል» ቢል አይፈረድበትም። ኢምፕሬሲዮኒስት የሚባሉት የፈረንሳይ ሠዓሊዎች በባሕር ዳር ቆመው በዘይት ቀለም የሣሏቸው ሥዕሎች ይህን ነቀፋ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ሲሰሙ ኖረዋል። ነቃፊው የተሳሳተው ሥዕሉን ባለመውደዱ አይደለም፤ መውደድና መጥላት የእያንዳንዱ ሰው መብት ነው። የተሳሳተው በመለኪያው ነው። እህል በክንድ፣ ጨርቅም በቁና አይሰፈርም። እንዲህ ያለው ሥዕል የሚለካው በዝርዝሩ ብዛት ሳይሆን የአንዲትን ሰዓት ብርሃን በትክክል በመያዙ ነው፤ በዚህ ሚዛን ሲመዘን ደግሞ ከብዙ የተጠናቀቀ ሥራ ይልቅ የታመነ ሰነድ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩን ለመመርመር አንድ ወደብና አንድ ማለዳ ይበቃሉ። በኖርማንዲ ጠረፍ፣ የሴን ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ የተቆረቆረችው ሌ ሃቭር ከፈረንሳይ ታላላቅ ወደቦች አንዷ ናት። ክሎድ ሞኔ በ1840 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ ቢወለድም፣ ያደገው በዚህችው ከተማ ነው። አባቱም ለመርከቦች ስንቅና ዕቃ በሚያቀርብ የዘመድ ንግድ ቤት ይሠራ ነበር። ስለዚህ ሠዓሊው ወደቡን የሚያውቀው እንደ ሀገር ጎብኚ ሳይሆን እንደ ነጋዴ ልጅ ነው። በ1872 ከወደቡ ፊት ለፊት በሚገኝ ሆቴል መስኮት አጠገብ ሆኖ፣ ቁመቱ 48 ወርዱ 63 ሳንቲሜትር በሆነ ሸራ ላይ የወደቡን ማለዳ ሣለ። ከፊት አንዲት ትንሽ ጀልባ፣ ከኋላዋ የመርከብ ምሰሶዎች፣ የጭነት ማንሻ ክሬኖችና ጭስ የሚተፉ ረዣዥም ቱቦዎች፣ ከሁሉም በላይ በጭጋግ ውስጥ የቀላች አንዲት ፀሐይ ይታያሉ። ለሥዕሉ የሰጠው ስም «ኢምፕሬሲዮን፤ የፀሐይ መውጫ» የሚል ነው። ኢምፕሬሲዮን ማለት አንድ ነገር ገና በመጀመሪያው እይታ በሰው ልቡና ላይ የሚያትመው ስሜት ነው።

«ያልተጨረሰ» የተባለው ይህ ሥዕል ምን ያህል እንደሚናገር የታወቀው በ2014 ነው። ዶናልድ ኦልሰን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ፣ ሠዓሊው የቆመበትን መስኮት አቅጣጫ፣ ፀሐይዋ ከአድማስ በላይ ያለችበትን ከፍታ፣ የባሕሩን ሙላትና በዘመኑ የተመዘገበውን የአየር ጠባይ አመሳክረው ሒሳቡን ሠሩ። ትላልቅ መርከቦች በወደቡ የውሃ በር ሊያልፉ የሚችሉት ባሕሩ ሲሞላ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበርና፣ ይህም የቀኖቹን ቁጥር ቀነሰላቸው። በመጨረሻም ኖቬምበር 13 ቀን 1872፣ ከጧቱ 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ገደማ የሚለው ግምት ከሁሉ ይልቅ የሚቀርብ ሆኖ ተገኘ። ግምት ግምት ነው፤ የሚያከራክር ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ሠዓሊው ገመዱንና የመርከቡን ስም ቢተውም፣ የፀሐይዋን ከፍታና የውሃውን ሙላት ባይጠብቅ ኖሮ ሒሳቡን ለመጀመር እንኳ ባልተቻለ ነበር። ዘመናዊ የወደብ አስተዳዳሪ የመርከብ መግቢያና መውጫ መዝገብ ላይ የሚፈልገው ነገር በዚያ ጭጋግ ውስጥ ተጽፎ ተገኘ ለማለት ይቻላል።

ይህ በዕድል የሚገኝ ነገር አይደለም። በባሕር ዳር በዘይት ቀለም ለሚሥል ሰው ዋናው ባላጋራ ሰዓት ነው። የንጋት ጭጋግ በአንድ መልክ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ጥላው ይዞራል፣ ውሃው ይሞላል ወይም ይጎድላል፣ መልሕቁን ያነሣ መርከብም ሠዓሊው እስኪፈጽም አይጠብቅም። ስለዚህ ሠዓሊው ሸራውን ከመንካቱ በፊት መወሰን ያለበት ምን እንደሚሥል ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚተው ነው። በመጀመሪያ ሰማይና ውሃ የሚገናኙበትን መስመር ያቆማል፤ ቀጥሎ ትላልቆቹን የብርሃንና የጥላ ስፍራዎች በቀጭን ቀለም ይዘረጋል፤ ዝርዝሩ የሚመጣው ጊዜ ከፈቀደ ብቻ ነው። በተልባ ዘይት የተለወሰ ቀለም ቶሎ ስለማይደርቅ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። አንዱ ቀለም በሌላው እርጥብ ቀለም ላይ ሲያርፍ ዳርቻው ይለሰልሳል፤ ለጭጋግና ለውሃ የሚስማማውም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ብሩሹ ከሚገባው በላይ ከተመላለሰ ንጹሑ ቀለም ጭቃ ይሆናል፤ ማዳኛም የለውም፤ ጠርጎ እንደገና መጀመር ነው። በውሃው ላይ የሚንቀለቀለው የፀሐይ ብልጭታ በአንድ ምት አርፎ መተው አለበት። ይህን አንድ ምት ለማሳረፍ የሚያስፈልገው ልምድ የስንት ዓመት እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው።

ስለ ጥላ ደግሞ የቀድሞዎቹ ሠዓሊዎች ቡናማና ጥቁር መቀባት ልማዳቸው ነበር። ከቤት ወጥቶ ባሕሩን ያየ ሰው ግን ጥላ ጥቁር እንዳልሆነ፣ የሰማዩን ሰማያዊነት እንደሚቀበል ያስተውላል። ስለዚህ እነዚህ ሠዓሊዎች ጥላውን በሰማያዊና በሐምራዊ ሠሩት። ብርቱካንማ ቀለም ከሰማያዊ አጠገብ ሲቀመጥ ሁለቱም እንደሚደምቁም ያውቁ ነበር። የሞኔ ፀሐይ ለዚህ ዋና ምስክር ናት። በሥዕሉ ላይ የምትነድ የምትመስለው ይህች ፀሐይ በብርሃን ልክ ስትለካ ከአካባቢዋ ግራጫ ደመና እምብዛም አትበልጥም፤ የምትለየው በቀለሟ ብቻ ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የተነሣ እንደሆነ ከሰማዩ ውስጥ ጠፍታ ልትቀር ምንም አይቀራት። (እንግዲህ ይህን ሥዕል በጥቁርና ነጭ የጋዜጣ ሕትመት ብቻ አይቶ የፈረደበት ሰው፣ ፀሐይዋን ሳያይ ነው የፈረደው።)

ነጋዴው አንባቢ ይህ ሁሉ የእርሱን ሙያ የማይመለከት የሊቃውንት ጨዋታ ይመስለው ይሆናል። እውነቱ ግን የባሕር ዳር ሥዕል ከንግድና ከኢንዱስትሪ ውጪ ሊወለድ አይችልም ነበር። እስከ 1841 ድረስ የተለወሰ የዘይት ቀለም የሚቀመጠው በአሳማ ፊኛ ውስጥ ነበር፤ ፊኛው ይፈነዳል፣ አንድ ጊዜ ከተበሳም ቀለሙ ይደርቃል። በዚያ ዓመት ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ተጨምቆ የሚወጣበትንና የሚከደነውን የቆርቆሮ ቱቦ ፈጥሮ የባለቤትነት መብት አገኘ። ከዚያ በኋላ ሠዓሊ ቀለሙን በሣጥን ይዞ በባቡር ተሳፍሮ ጠረፍ ድረስ ለመሄድ ቻለ። የባሕሩ ሰማያዊ ራሱ የንግድ ታሪክ አለው። አልትራማሪን የሚባለው ምርጥ ሰማያዊ ከአፍጋኒስታን ተራሮች ከሚመጣ ድንጋይ የሚሠራ ስለነበረ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። በ1824 ኢንዱስትሪን ለማበረታታት በፈረንሳይ የተቋቋመ ማኅበር፣ ኪሎው ከ300 ፍራንክ በማይበልጥ ዋጋ ሰው ሠራሽ አልትራማሪን ለሚያወጣ ሰው የ6,000 ፍራንክ ሽልማት አዘጋጀ፤ ሽልማቱንም በ1828 ዣን ባፕቲስት ጊሜ አገኘ። በገንዘብና በደንብ የተደገፈ አንድ ውሳኔ ከአርባ ዓመት በኋላ በድሀ ሠዓሊ ሣጥን ውስጥ ሰማያዊ ባሕር ሆኖ ወጣ። ሽልማቱን ያዘጋጁት ሰዎች ስለ ሞኔ ሊያስቡ አይችሉም ነበር፤ ገና አልተወለደምና።

ሠዓሊው ከሆቴል መስኮት ወርዶ ከባሕሩ ፊት ሲቆም ሥራው ይከብዳል። ሞኔ በ1870 በትሩቪል የባሕር ዳር ሁለት ሴቶችን የሣለበት ትንሽ ሸራ ዛሬ በለንደን ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ሊቃውንት ቀለሙን በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩ በውስጡ የአሸዋ ቅንጣትና የዛጎል ስብርባሪ አገኙ፤ ነፋሱ ከእርጥቡ ቀለም ላይ በትኖት የቀረ ነው። በ1880ዎቹ ደግሞ ነጭ ገደሎች እንደ በር ተፈልፍለው ከባሕሩ ላይ ወደ ቆሙባት ወደ ኤትሬታ ተመላለሰ። ደራሲው ጊ ደ ሞፓሳን እዚያ አይቶት በ1886 በጻፈው ጽሑፍ እንደሚተርከው፣ ሞኔ የአንዱን ስፍራ መልክ በልዩ ልዩ ሰዓት የሚያሳዩ አምስት ስድስት ሸራዎች ያሸከማቸውን ሕፃናት አስከትሎ ይሄድ ነበር። ደመናው ሲለወጥ አንዱን ሸራ አኑሮ ሌላውን ያነሣል፤ የዘጠኝ ሰዓት ብርሃን በአራት ሰዓቱ ሸራ ላይ አይቀባም። ይህ የቸልተኛ ሰው አሠራር ነውን? በኖቬምበር 1885 የባሕሩን የመሙያ ሰዓት በስሕተት ቆጥሮ ከገደሉ ሥር ሲሠራ ማዕበል መጥቶ ከዓለቱ ጋር አላተመው፤ ሕይወቱ ብትተርፍም የሥዕል ማቆሚያውና ቀለሙ ከባሕር ገቡ። የማዕበሉን ሰዓት የሚቆጥር ሠዓሊ ቢሳሳት ዋጋው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ለነቃፊዎች አንድ ነገር መመስከር ይገባል። ኢምፕሬሲዮኒስቶች ሁሉንም ነገር በአንድ ትንፋሽ ከደጅ ሠርተው ይጨርሳሉ የሚለው ወሬ ከእውነት ይልቅ ወደ ተረት ያደላል። ሞኔ ከኤትሬታ ያመጣቸውን አያሌ ሸራዎች በቤቱ ሆኖ ለብዙ ጊዜ ሲያስተካክላቸው ቆይቷል፤ ራሱ ግን በደጅ የሚሠራ ሰው ነው መባልን ይወድ ነበር። ትንሽ ጉራ ነበረበት ማለት ነው። ቢሆንም በቤቱ የሚያስተካክለው በደጅ ያየውን ለመጠበቅ እንጂ ለማስጌጥ ባለመሆኑ የሥራው እውነት አልጠፋም።

ይህ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሕዝብ ሲወጣ የገጠመው ፍርድ ለነጋዴም ለሹምም ትምህርት ያለው ነው። ሠዓሊዎቹ በዲሴምበር 1873 የአክሲዮን ማኅበር አቋቋሙ፤ በኤፕሪል 1874 ሠላሳ ያህል ሆነው በፓሪስ የሥዕል ትርኢት ከፈቱ። የመግቢያው ዋጋ አንድ ፍራንክ ነበር። የመጣው ሰው 3,500 ያህል ሲሆን፣ በዚያው ዘመን የመንግሥቱን ትርኢት የሚያየው በመቶ ሺሕ ይቆጠር ነበር። ሉዊ ለሯ የተባለው ጋዜጠኛ ከሞኔ ሥዕል ስም ተነሥቶ ሁሉንም «ኢምፕሬሲዮኒስቶች» ብሎ ተሳለቀባቸው፤ ስድቡም መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ሒሳቡ ሲዘጋ እያንዳንዱ አባል 184 ፍራንክ ከ50 ሳንቲም ዕዳ እንዳለበት ታወቀና ማኅበሩ ፈረሰ። የወደቡን ሥዕል ኤርነስት ኦሸዴ የተባለ የጨርቅ ነጋዴ በ800 ፍራንክ ገዛው። ይህ ሰው በ1877 ከሰረ፤ በ1878 ንብረቱ በሐራጅ ሲሸጥ ሥዕሉ ያወጣው 210 ፍራንክ ብቻ ነበር። ገዢው ዶክተር ዦርዥ ደ ቤሊዮ የሚባል ሐኪም ነው፤ ልጁ በ1940 ለፓሪሱ ማርሞታን ሙዚየም ሰጠችውና ዛሬም እዚያው ይገኛል።

እንግዲህ በ1874 የወጣው 800 ፍራንክ ነው ወይስ በ1878 የተገኘው 210 የሥዕሉ ትክክለኛ ዋጋ? ሁለቱም አይደሉም። የመጀመሪያው የአንድ ሰው ግለት፣ ሁለተኛው የአንድ ሰው ኪሳራ ዋጋ ነው። ሥዕል መግዛት የሚፈልግ ነጋዴ ነገ ይወደዳል በሚል ተስፋ የገዛ እንደሆነ እንደ ኦሸዴ በመጥፎ ቀን ሊሸጥ ይችላልና መጠንቀቅ ይሻለዋል። ከኦሸዴ ይልቅ አብነት የሚሆነው ፖል ዱራን ሩኤል ነው። ይህ የሥዕል ነጋዴ ሞኔን በ1870ና በ1871 መካከል በለንደን ካወቀው በኋላ፣ ገበያው እምቢ ባለ ጊዜም እየገዛ ቆየ። በ1882 የገንዘብ ደጋፊው ባንክ ሲወድቅ ሊጠፋ ደርሶ ነበር፤ በ1886 ግን ሦስት መቶ የሚያህሉ ሥዕሎችን ጭኖ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረና እዚያ ገዢ አገኘ። ቢሳሳት ኖሮ ስሙን ማንም አያነሣውም ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የሚገዛውን በዐይኑ አይቶ፣ ከሠዓሊዎቹ ጋራ ተነጋግሮ፣ አሠራሩን አውቆ ነው የገዛው።

ስለ ሹማምንቱ ደግሞ ሁለት ውሳኔዎች ጎን ለጎን ሲታዩ የሚያስደንቁ ናቸው። በ1863 የመንግሥቱ ትርኢት ዳኞች ብዙ ሺሕ ሥራ በመመለሳቸው አቤቱታ በተነሣ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ የተመለሱት ሥዕሎች በሌላ አዳራሽ እንዲታዩና ሕዝቡ ራሱ እንዲፈርድ አዘዘ። ሕዝቡ አብዛኛውን ጊዜ ሳቀ። ቢሆንም በሩ ተከፍቷል። በ1894 ግን ሠዓሊውና ባለጸጋው ጉስታቭ ካይቦት ሲሞት ከስድሳ በላይ የባልንጀሮቹን ሥዕሎች ለመንግሥት ቢናዘዝ፣ የሥነ ጥበብ መሥሪያ ቤቱ ለዓመታት ሲከራከር ቆይቶ አርባ ያህሉን ብቻ ተቀበለ። የተቀሩት ከመንግሥት እጅ ወጡ። መሥሪያ ቤቱ ቦታ የለም፣ ደንቡም አይፈቅድም ብሎ ይሆናል፤ እነዚህ ምክንያቶች በየትኛውም አገር መዝገብ ቤት የማይጠፉ ናቸው። ይሁን እንጂ በነፃ የቀረበ ነገር ላይ ሰነዱን ሳይመለከቱ «ይቅር» ብሎ መፈረም ቀላል ቢሆንም፣ የወጣውን መመለስ የቀረበውን ከመቀበል ይልቅ ብዙ ያስወጣል።

ሌ ሃቭር ራሷ ከፓሪስ ይልቅ ብልህ ሆና የተገኘችበት ጊዜ አለ። ሞኔን ከቤት አውጥቶ በባሕር ዳር መሣልን ያስተማረው ኤዠን ቡደን የዚሁ ጠረፍ ሰው ነበር፤ በ1824 በኦንፍለር ከመርከበኛ አባት ተወልዶ በወጣትነቱ በሌ ሃቭር የጽሕፈት መሣሪያና የሥዕል ፍሬም መሸጫ ሱቅ ነበረው። ቡደን ሰማይን ሲሥል ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ከዳር ይጽፍበታል፤ ባለቅኔው ቦድሌር ይህን በ1859 አይቶ ተደንቆ ጽፏል። ቡደን ከሞተ በኋላ በሥራ ቤቱ የተገኙት ከሁለት መቶ በላይ ትንንሽ ሥዕሎች በ1900 ለከተማይቱ ተሰጡ፤ እርስዋም ተቀበለች። በ1906 የከተማይቱ ሠዓሊዎችና ሥዕል ወዳድ ነጋዴዎች በአንድነት ማኅበር አቋቁመው አዲሶቹን ሥራዎች ማሳየት ጀመሩ። ከመካከላቸው አንዱ ኦሊቪዬ ሰን የሚባል የጥጥ ነጋዴ ነበር፤ የሰበሰባቸው ከሁለት መቶ በላይ ሥራዎች በ2004 በልጅ ልጁ እጅ ለከተማይቱ ሙዚየም ተሰጥተዋል።

ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው መልሱ በሴፕቴምበር 1944 ተሰጥቷል። በዚያ ወር መጀመሪያ የተባበሩት መንግሥታት አውሮፕላኖች በጀርመን ጦር የተያዘችውን ሌ ሃቭርን ደበደቡ፤ የከተማይቱ መካከል ፍርስራሽ ሆነ፣ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብም አለቀ። ሞኔ የቆመበት የወደብ ዳር መንደር ከጠፉት አንዱ ነው፤ አሮጌው የሥዕል ሙዚየም ሕንፃም ወደመ። ከዚያ በኋላ ከተማይቱን ኦጉስት ፔሬ በተባለው አርክቴክት መሪነት በአርማታ ሠሯት፤ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2005 በዓለም ቅርስነት መዘገባት። አዲሱ ሥራ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን የቀድሞው ወደብ አልተመለሰም። የቶን ቁጥሩን፣ የመርከቦቹን ስምና የቀረጡን ልክ ከመዝገብ ማግኘት ይቻላል። በዚያ ወደብ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጭጋጉ ምን ይመስል እንደነበረ የሚነግረው ግን በ210 ፍራንክ የተሸጠው ሸራ ነው። ስለዚህ አንድ የወደብ ከተማ ምክር ቤት ወይም የንግድ ማኅበር በበጀቱ ውስጥ ለአንድ ሠዓሊ የአንድ ወቅት ደመወዝና ወደ ወደቡ የሚያይ አንድ መስኮት ቢይዝ፣ ለጌጥ ያወጣው ገንዘብ ተደርጎ ሊቆጠርበት አይገባም። ሠዓሊውም መርከቡን አሳምሮ እንዲሥል፣ ክሬኑንና ጭሱን እንዲሰውር መታዘዝ የለበትም፤ ሞኔ ክሬኑን አልሰወረም።

አዲሱ የሌ ሃቭር ሙዚየም በ1961 ሲከፈት የተሠራው ከወደቡ መግቢያ አጠገብ፣ ሰፊ የመስተዋት ግድግዳ ተደርጎለት ነው። የቡደን ትንንሽ ሰማዮች በውስጡ ተሰቅለዋል። ጎብኚው ፊቱን ዞር ሲያደርግ በመስተዋቱ ማዶ የጭነት መርከብ በዝግታ ሲገባ ያያል።